የነካ ይሳፈራል

አባቴ «ተሳስቻለሁ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። እናቴም አልሰማችም። በሠርጋቸው ቀን ሰዓት ተምታቶበት ሙሽራዋን በር ላይ ገትሯት ሲያበቃ፣ ሲደርስ «ምን አስቸኮላችሁ?» ብሎ የተቆጣው እሱ ነው አሉ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ማማትማ ብጀምር ቀን አይበቃኝም። በኋላ የመጣው ጣጣ በሙሉ በዚህች አንዲት ቃል ላይ ስለተንጠለጠለ ነው።

አባቴ፣ ባሌና እኔ የምንሠራው አንድ ቦታ ነው። የአውሮፕላን ሞተር እየፈታን፣ እያጠብን፣ እየጠገንን መልሰን የምንገጥምበት ትልቅ ወርክሾፕ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠገበ ሲሚንቶ፣ ከጀርባው አንድ አጭር መንደርደሪያ። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ አየር በሞተር ውስጥ ሲያልፍ የሚያሳየውን ጠባይ አጠናለሁ። ባሌ አብራሪ ነው፤ ጠግነን የገጠምነውን ሞተር መጀመሪያ ይዞት የሚወጣው እሱ ነው። አባቴ ደግሞ ብሌድ ወልዋይ ነው።

ብሌድ የምንላቸው በጄት ሞተር ሆድ ውስጥ ክብ ሠርተው የተደረደሩ፣ ጣት የሚያህሉ፣ ጀርባቸው ጎበጥ ያለ ብረቶች ናቸው። የጋለው ጋዝ በጀርባቸው ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ ይገፋቸዋል፤ እነሱ ሲዞሩ ሞተሩ ይዞራል። ጀርባቸው ጥላሸት ከያዘ ወይም ከተጫረ ጋዙ እንደ ልቡ አይሄድም። ስለዚህ አባቴ እያንዳንዷን ሞርሳ ላይ ያስርና በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋታል፣ በጨርቅ ይወለውላታል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ይዳብሳታል። ጓንት አድርጎ አያውቅም። «ጣቴ ዓይኔ ነው፤ ዓይን ላይ ካልሲ ይጠለቃል እንዴ?» ይላል። ከእጁ የወጣች ብሌድ ፊት ታሳያለች። ከዚህ የተነሳ ወርክሾፑ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «መስታወት» ነው የሚሉት። ሲሉት ደስ ይለዋል፤ ደስታው እንዳይታወቅበት ግን ፊቱን ያኮሳትራል።

ባሌን አይወደውም። ወይም እንደማይወደው ነበር የማውቀው። ሊያገባኝ የመጣ ጊዜ «አየር ላይ የሚውል ሰው ምድር ላይ ቤት አይሠራም» ብሎ ነው የሸኘው። እኔ ደግሞ በማን ልወጣ፣ ግትር ብዬ አገባሁት። ከዚያ ወዲህ አባቴ አንድ ቀን እንኳ «ባልሽ» ብሎት አያውቅም። «ሹፌሩ» ነው የሚለው። «ሹፌሩ ዛሬም አረፈደ? ሹፌሩ ምሳውን በላ?» ባሌ በበኩሉ «አባባ» እያለ ይስቃል፣ ነገሩን ሁሉ በጨዋታ ያልፈዋል። በመሃል የምቃጠለው እኔ ነኝ። ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበርኩ።

ጠባችን የተጀመረው በአንዲት መስመር ነው። ለካርታ ሥራ እጅግ ከፍ ብሎ የሚበር ባለ አንድ ሞተር ጄት መጣልን። ለሞተሩ የመጡት ብሌዶች አዲስ ዓይነት ነበሩ፤ የእያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰመረች፣ እንደ ክር የቀጠነች፣ ስትዳሰስ እንደ አሸዋ የምትሻክር መስመር ነበረች። ፋብሪካው ሆን ብሎ ያስቀመጣት ናት። ብሌዶቹ መጋዘን ከርመው ትንሽ ወይበው ስለነበር አባቴ ጠርዝ ጠርዛቸውን ብቻ እንዲያጸዳ ተሰጡት።

«ይቺን ቆሻሻ አይተሻታል?» አለኝ፣ አንዷን ወደ መብራቱ ቀና አድርጎ።

«ቆሻሻ አይደለችም አባዬ። መስመሯን እንዳትነካት።»

«ብሌድ ጀርባ ላይ ሻካራ ነገር? ለምን ተብሎ?»

ከሌላ ክፍል እየጠሩኝ ነበር። በአንድ እግሬ ቆሜ «አየሩን እንድትረብሽ ነው» አልኩት።

ሳቀ። አሳሳቁ ያናድዳል፤ በአፍንጫው ነው የሚስቀው። «ዕድሜዬን ሙሉ አየር የሚረብሽ ነገር ስፍቅ ኖሬ፣ ዛሬ ልጄ መጥታ ረብሻ ትሰብክልኛለች!»

«አትንካ ከተባልክ አትንካ! ክርክር አይደለም ያመጣሁት፣ ሥራ ነው።»

«እሺ ጌታዬ» አለኝና ወደ ሞርሳው ዞረ።

አባቴ «እሺ ጌታዬ» ካለ ነገሩ አላለቀም ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ከአባቴ ጋር ሲተያይ ወረቀት ለጋስ ነው። ይህን እያወቅሁ ጥዬው ሄድኩ።

ብሌዶቹ ተገጠሙ። ልስላሴ የሚለካው መሣሪያችን አለፉ አለ። መሣሪያው የሚጮኸው ብረቱ ከልክ በላይ ሲሻክር ነው፤ ከልክ በላይ ሲለሰልስ የሚጮህ መሣሪያ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንንም አስፈልጎ አያውቅም። ሞተሩን መሬት ላይ አስረን ስንሞክረው እንደ ጠገበ ድመት ያንጎራጉር ነበር። አለቃችን የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገው። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። በሙያው ኮርቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

ወርክሾፓችን አንድ ደንብ አለው። የት እንደተጻፈ የሚያውቅ የለም፣ የሚጥሰውም የለም። «የነካ ይሳፈራል» ይባላል። ሞተሩ ላይ ዋናውን ሥራ የሠራ ሰው፣ ሞተሩ መጀመሪያ ሲወጣ ከአብራሪው ጎን ተቀምጦ አብሮ ይወጣል። የሠራኸውን ካመንክበት ውጣበት ነው ነገሩ። በዚህ ደንብ ምክንያት የኛ ሰው ብሎን ሲያጠብቅ ሁለት ጊዜ ያጠብቃል። የዚያን ቀን ወንበሩ የአባቴ ነበር።

ጠዋቱ ብሩህ ነው፤ ከሰሜን በኩል ባለው ተራራ ላይ ብቻ ደመና ተኝቷል። አባቴ ሹራቡን ደርቦ፣ ቆቡን እስከ ጆሮው ስቦ ወጣ። ባሌ ማሰሪያውን ሊያስተካክልለት ጎንበስ ሲል፣

«ተወው፣ እጅ አለኝ» አለው።

«እሺ አባባ። ሲያዞርዎት ይንገሩኝ።»

«እኔን አያዞረኝም። አንተ መንገድህን እይ።»

ባሌ በመስኮቱ ጠቀሰኝ። ተንደርድረው ተነሱ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁና ወደ ውስጥ ገባሁ። ምንም አልሰጋሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለችው ነው።

አባቴ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ነበር። ሰው ዕቃ ጭኖበት እንዳይሰብረው ላነሳው ሄድኩ። ከመነጽሩ ሥር በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ብሌድ አገኘሁ፤ ከስብስቡ ተርፋ ለመለዋወጫ የቀረችው ናት። ጨርቁን ስገልጠው የገዛ ዓይኔ አፈጠጠብኝ። በአውራ ጣቴ ጀርባዋን ዳበስኳት። መልሼ ዳበስኳት። መስመሯ የለችም።

መነጽሩን ኪሴ ከትቼ፣ ብሌዷን ጨብጬ፣ በመሣሪያ ጋሪዎች መሃል እየተጋጨሁ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሮጥኩ። አንድ ልጅ እግር ተቀጣሪ ቢሮጥ «ወርክሾፕ ውስጥ አይሮጥም» ብዬ የምጮህበት እኔው ነኝ።

የሬዲዮው ሠራተኛ ሹክሹክታ ይባላል። በር የሚሞላ ሰው ሆኖ ሳለ ድምፁ ከጆሮ አያልፍም፤ ቤት ቢቃጠል «ይቅርታ፣ ትንሽ ጭስ አለ» ነው የሚለው። ስገባ ዞሮ አየኝና ወንበሩን ጠጋ አደረገልኝ። እንዲያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም፤ አልተቀመጥኩም።

«ምን ሆኑ?»

«የመጨረሻው ከፍታ ላይ ደርሰው ነበር» አለ በዚያ ቀጭን ድምፁ፤ «ከተራራው ማዶ ናቸው። ሞተሩ ትንሽ ደክሟል።»

ትንሽ አለ። ከሬዲዮው ሳጥን የባሌ ድምፅ መጣ፤ ሥራ ላይ ሲሆን የሚናገርበት ደረቅ ድምፅ ነው።

«ሙቀቱ አሁንም እየጨመረ ነው። ግፊቱ እየቀነሰ ነው። ነዳጅ ስሰጠው ሙቀቱ ብቻ ይወጣል፣ ጉልበት አይሰጠኝም። የነዳጅ መቆጣጠሪያው ይመስለኛል። ስለዚህ ምንም ሳልነካካ፣ ከፍታዬን ይዤ እመለሳለሁ።»

ልክ ነበር። የበረራ መመሪያው የሚለው ይህንኑ ነው። መቆጣጠሪያው ከታመመ ባለበት ተወው፣ እያዘገመም ቢሆን ያደርስሃል። አብራሪዎች ደግሞ «ከፍታ ስንቅ ነው» ይላሉ፤ አንድ ሞተር ያለው ሰው ሞተሩ ሲያቃስት ስንቁን አይጥልም። በእነሱና በእኛ መካከል ተራራው አለ፣ ተራራው ላይ ደመናው አለ። ያንን ተራራ የሚያሻግራቸው አንድም ከፍታቸው ነው፣ አንድም ጤነኛ ሞተር።

የተፋቀ ብሌድ ከሆነ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ላይ በቆዩ ቁጥር ሞተሩ ይብስበታል፤ ሙቀቱ ወጥቶ ወጥቶ ብሌዶቹን ይበጥሳቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ ማስነሳት የለም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ወፍራም አየር ወዳለበት መውረድ፣ አሁኑኑ። መቆጣጠሪያው ሆኖ ከወረዱ ደግሞ ሞተሩ አይሻለውም፣ ስንቃቸውም አልቋል፣ ተራራው ፊታቸው ነው።

በእጄ ያለችው ደግሞ አንዲት ብሌድ ናት። አባቴ ሲናደድ እልሁን በትርፍ ነገር ላይ የመወጣት ልማድ አለው። ይቺን አንዷን ፍቆ «አሁን ብሌድ መሰለች» ብሎ ለራሱ አሳይቶ፣ ሌሎቹን እንደታዘዘው ትቷቸው ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ፍቆም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከባሌ ጎን ተቀምጧል።

ሹክሹክታ ማይኩን ሰጠኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሁለታችሁም ትሰሙኛላችሁ?»

«እንሰማሻለን» አለ ባሌ።

«አባዬ፣ ትርፏን ብሌድ ጠረጴዛህ ላይ አገኘኋት። መስመሯ ጠፍቷል። ሞተሩ ውስጥ ያሉትንስ? እነሱንም ፍቀሃቸዋል?»

ሳጥኑ ውስጥ የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ ነበር።

«አባዬ!»

«ሥራዬን ሥራ እንደሚሠራ ሠርቻለሁ» አለ አባቴ። እላይ ሆኖም ድምፁ ያው ነው፤ ሞርሳው አጠገብ የቆመ ነው የሚመስለው።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ! ፍቀሃል ወይስ አልፋቅህም?»

«ሞተሩ ታች ሲሞከር ምን ጎደለው? አለቃሽ ራሱ ትከሻዬን መታ መታ አላደረገም?»

ደሜ ፈላ። ማይኩን ወርውሬ በግድግዳው ልሰብረው ምንም አልቀረኝ። ከማዶ ያለው ሰው ግን ባሌ ነው፣ አባቴም ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ሞተር ላይ ናቸው። ሁለቱን ባንድ ቀን ቀብሬ ወደ እናቴ ቤት ስገባ ታየኝ። በሩን ስከፍት ምን ብዬ እጀምራለሁ?

«ጊዜ የለኝም» አለ ባሌ በመሃል፤ «ሙቀቱ ቀዩ መስመር ጋ ሊደርስ ነው። አንዳችሁ የሆነ ነገር በሉኝ። ልውረድ ወይስ ልያዝ?»

ልጩህ አልኩ። እንደ ሌላው ጊዜ «አንተ ሰውዬ» ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አባቴ በዚያች ቀን የጠየቀኝ ትዝ አለኝ፤ «ለምን ተብሎ?» ነበር ያለኝ። አባቴ ያልገባውን ነገር ሞቶ አያምንም። የገባውን ግን ይዞ ይሞታል። ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና ከልጅነቴ ጀምሮ ተናግሬው በማላውቀው ዝግታ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ስማኝ። ዳገት የሚወጣ ሰልፍ አስብ። ሁሉም በመስመሩ ነው የሚሄደው፣ ማንም ማንንም አይነካም። ዳር ላይ ያለው ሰው ይደክመዋል። ብረቱን ተጠግቶ የሚሄደው አየር እንደዚያ ነው፤ ብረቱ ስለሚይዘው ይደክማል። የብሌዷ የኋለኛው ጫፍ ጋ ሲደርስ ዳገት ይሆንበታል። የሚገፋው ስለሌለ ይቆማል። እሱ ሲቆም ከኋላው ያለውም ይቆማል፣ ሰልፉ ጀርባዋን ለቆ ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ብሌዷን የሚገፋት የለም።»

እየሰማኝ ነው ብዬ ቀጠልኩ።

«ግፊያ ካለ ግን፣ ከመሃል ያለው ጉልበተኛ እየተጋፋ ወደ ዳር ይመጣና ደካማውን ይዞት ይወጣል። አየሩ ሲረበሽ እንደዚያ ነው የሚሆነው። መስመሯ ግፊያውን የምታስነሳ ናት። ለዚህ ነው የሻከረችው።»

«ታች ለምን ሠራ ታዲያ?» አለ አባቴ። የጠብ ድምፅ አልነበረም። ሞርሳ ላይ የታሰረ ነገር ሲመረምር የሚያወጣው ድምፅ ነው።

«እዚህ ታች አየሩ ወፍራም ነው፤ ግፊያው በራሱ ጊዜ ይነሳል። እላይ ሳስቷል። መስመሯ ከሌለች ግፊያ የለም።»

ሹክሹክታ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። በመስኮቱ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ የሚያሳዝን ነገር ያለበት አይመስልም። ሳጥኑ ውስጥ ማስጠንቀቂያ መጮህ ጀመረ። እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

«አባባ» አለ ባሌ። ሳቁ የለም። «እኔ አልቆጣዎትም። ማንም አይቆጣዎትም። ብቻ ይንገሩኝ።»

ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ጮኸ።

«ሁሉንም» አለ አባቴ።

«ምን አሉኝ?»

«ሁሉንም ነው የፋቅኋቸው አልኩህ! ጆሮህ ውስጥ ጥጥ አለ? ተሳስቻለሁ! ውረድ!»

ቃሏን ሰማኋት። ሌላ ቀን ብሰማት በዘፈን እቀበላት ነበር፤ ያኔ ግን እንባዬ ነው ያመለጠኝ።

«እየወረድኩ ነው» አለ ባሌ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ደመናው ውስጥ ገባሁ» አለ። ከዚያ ሳጥኑ ተንኮሻኮሸና ዝም አለ።

«ተራራው ጋርዷቸው ነው» አለ ሹክሹክታ። «ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ይጋረዳል።»

«ሁልጊዜ?»

«ዝቅ ብለው ሲበሩ።»

ሰው ዝም ብሎ መጠበቅን ከየት ይማራል? እኔ አልችልበትም። ሦስት እርምጃ በምታህል ክፍል ውስጥ ወዲያና ወዲህ እላለሁ፣ ሹክሹክታ እየደጋገመ ይጠራቸዋል፣ መልስ የለም። በልቤ ስሌቱን እየመላለስኩ ነው። ሙቀቱ በጣም ቆይቶ እንደሆነስ? አንዷ ብሌድ ተበጥሳ እንደሆነስ? አንዷ ከተበጠሰች ሌሎቹን ትበላቸዋለች። የነገርኩት ነገር ልክ ባይሆንስ? በሠንጠረዥ ላይ አውቀዋለሁ፣ ነፋስ እየነፋን በምንሞክርበት ቧንቧ ውስጥ ጭስ ለቅቄ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጭሱ ከብረቱ ጀርባ ሲላቀቅ፣ ሻካራ ነገር ስናደርግበት ተጣብቆ ሲሄድ። በዚያ ጭስ ላይ ግን ባሌ አልተሳፈረም ነበር። ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሹክሹክታ መሃረብ አቀበለኝ። ለእንባዬ መስሎኝ ስቀበለው ወደ እጄ ጠቆመኝ። ብሌዷን ጨብጫት ኖሮ ጠርዟ መዳፌን ቀድዶታል። አላመመኝም።

ሳጥኑ ተንኮሻኮሸ።

«…ቱ እየወረደ ነው። ሰማችሁኝ? ሙቀቱ እየወረደ ነው።»

«ሰማንህ!» አለ ሹክሹክታ። ጮኸ። ሹክሹክታ ሲጮህ የሰማ ሰው ቢኖር ያን ቀን እዚያ ክፍል የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ጉልበቱ መጣ። ነዳጅ ስሰጠው እየተቀበለ ነው። ግን ደመናው ውስጥ ነኝ፣ ምንም አይታየኝም። በሩን ማግኘት አለብኝ።»

በር የሚሉት ተራራው በሁለት ጫፍ ተከፍሎ መሃሉ ዝቅ ያለበትን ቦታ ነው። በጥሩ ቀን የትምህርት ቤት ልጅ ያልፍበታል። በደመና ግን በግራም በቀኝም ቋጥኝ ነው።

«ቁልቁል አየሁ» አለ የአባቴ ድምፅ በድንገት። «በኔ በኩል ተከፈተ። ወንዙ ይታየኛል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ በል!»

«አባባ፣ መነጽርዎን አላደረጉም።»

«ለሩቁ መነጽር አልፈልግም! ወደ ቀኝ አልኩህ!»

እውነቱን ነው። መነጽሩ ለቅርብ ብቻ ነው። ኪሴ ውስጥ ያዝኩት።

ሞተሩን መጀመሪያ የሰማሁት በሳጥኑ ሳይሆን በመስኮቱ ነው፤ ከተራራው በኩል እንደ ንብ እየመጣ፣ እየወፈረ። ማይኩን ጥዬ ወጣሁ። አውሮፕላኑ ከበሩ መሃል ብቅ ሲል፣ ክንፉ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አርፈው ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ በሆዴ ስድብ ሳዘጋጅ ነበር። አላጋንንም፤ ስድቡ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ነበረው። መሰላሉ ተዘረጋ። ባሌ መጀመሪያ ወረደ፤ አቀፈኝ፣ ልብሱ በላብ ርሷል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ሄደና ከጎማው አጠገብ ተንበርክኮ አስመለሰው። ዓመታት ሙሉ ስንት ነገር ይዞ ወጥቶ አንድ ቀን እንዲህ ሲሆን አላየሁትም።

አባቴ በመሰላሉ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። ፊቱ ቆሜ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ አንተ ሰው ግን…»

«ሬዲዮው ላይ ከመምጣትሽ በፊት ገብቶኝ ነበር» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«ምኑ?»

«መስመሯ እንደሆነች። ሙቀቱ መውጣት ሲጀምር። ሥራዬ እኮ ነው፤ የሞተር ማቃሰት ከወንበሩ ሥር ይሰማኛል። ከፋቅኩት ውጭ የተለወጠ ነገር የለም።»

ስድቤ ሁሉ ከመንገድ ቀረ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ስጠይቅህ፣ ስለምንህ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ያን ጓንት የማያውቅ አውራ ጣቱን እያየ ነበር።

«ብቻዬን ብሆን አልናገርም ነበር» አለ። «እውነቴን ነው የምልሽ። ብቻዬን ብሆን ይዤው መቃብር እወርድ ነበር። ስሜ እንዳለ ይቀር ነበር።» ከጎማው አጠገብ የተንበረከከውን ሰው በዓይኑ ፈለገው። «ይሄ ልጅ ግን ቤት አለው።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ መሰላሉ ለሁለት ሰው ይጠባል። ከኪሴ መነጽሩን አውጥቼ ሰጠሁት፣ አደረገው። ከዚያ የተጨበጠ እጄን አየና ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታ፤ ብሌዷ እስካሁን እዚያው ነበረች። ደሙን በሹራቡ እጅጌ ጠርጎ ጀርባዋን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ጣቱን የሚይዝ ነገር አልነበረም።

መልሶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ሂጂ» አለኝ፤ «ለባልሽ ውሃ ስጪው።»